«ፍሪ ራዲካልን ይዋጋል»

ባለፈው ወር እህቴ ከአሜሪካ ስትመጣ ለአባታችን አንድ ብልቃጥ ክኒን ይዛ መጣች። አባታችን ሲጋራ ማጨስ ከጀመሩ አርባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ዛሬም አልተዉም። ብልቃጡ ላይ «ፍሪ ራዲካልን ይዋጋል» ይላል። እህቴም «ሲጋራው የሚጎዳውን ይኼ ይጠግንላቸዋል» ብላ ነው የገዛችው። እሳቸው ብልቃጡን አገላብጠው አዩና «ራዲካል ማለት የታሸገ ውሃ ላይ የሚጻፈው አዮን ነው እንዴ?» ሲሉ ጠየቁ።

አይደለም። ግን ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ብዙዎቻችን ሁለቱን እናምታታለን።

አተም መሃሉ ላይ ፕሮቶን፣ ዙሪያውን ደግሞ ኤሌክትሮን አለው። የሁለቱ ቁጥር እኩል ካልሆነ አተሙ ፖዘቲቭ ወይም ኔጌቲቭ ቻርጅ ይይዛል፤ አዮን የሚባለው ይኼ ነው። ራዲካል ሌላ ነገር ነው። ኤሌክትሮኖች አብዛኛውን ጊዜ ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚቀመጡት፤ አንዱ ጥንድ አጥቶ ብቻውን ሲቀር ራዲካል ተፈጠረ እንላለን። ቻርጅ ኖረው አልኖረው ለስሙ ለውጥ የለውም፤ እንዲያውም ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የሆኑ አሉ።

ክሎሪንን እንውሰድ። ብቻውን ያለ የክሎሪን አተም 17 ፕሮቶንና 17 ኤሌክትሮን አለው። ቻርጅ የለውም፤ 17 ግን ለሁለት እኩል ስለማይካፈል አንዱ ኤሌክትሮን ያለ ጥንድ ይቀራል። ራዲካል ነው። በድሮ ፍሪጆች ውስጥ ከነበረው ጋዝ ወጥቶ ኦዞንን የሚያጠፋው ይኸው እንደሆነ ሞሊና እና ሮላንድ የተባሉ ኬሚስቶች በ1974 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል፤ አንዱ አተም በሺዎች የሚቆጠሩ የኦዞን ሞለኪውሎችን ይፈጃል። ጨው ውስጥ ያለው ክሎሪን ግን ከሶዲየም አንድ ኤሌክትሮን ወስዶ 18 ሞልቶለታል። አዮን ሆኗል፤ ወጣችን ውስጥ ገብቶ ከማንም አይጣላም።

የራዲካልን ሥራ ማየት ከፈለጋችሁ ወጥ ቤት ግቡ። ዘይቱን ክፍት አድርጋችሁ መስኮት ዳር ስታቆዩት ያ የሚከረፋ ሽታ ይመጣል አይደል? ራዲካሉ ከአንዱ የስብ ሞለኪውል ሃይድሮጅን ይነጥቃል፤ የተነጠቀው ራሱ ራዲካል ይሆንና ከኦክስጅን ጋር ተያይዞ ከጎረቤቱ ይነጥቃል፤ እንዲህ እያለ ሰንሰለቱ ይቀጥላል። ቫይታሚን ኢን የመሰለ አንቲኦክሲዳንት ሃይድሮጅን ሰጥቶ ሰንሰለቱን ይቆርጠዋል። ዘይታችሁን ከድናችሁ ጨለማ ቦታ አስቀምጡ። (እኔ ይኼን የተማርኩት አንድ ሙሉ ጠርሙስ ደፍቼ ነው።)

ተቅማጥ የያዘው ልጅ የሚያጣው ግን ውሃና አዮን ነው። ኦ አር ኤስ ውስጥ ጨውና ስኳር አብረው የገቡት አንጀት ሶዲየምንና ግሉኮስን ጎን ለጎን ስለሚያስገባቸው፣ ውሃም ተከትሏቸው ስለሚገባ ነው። እዚህ ቦታ ላይ አንቲኦክሲዳንት ምንም አይረዳም።

ታዲያ ራዲካል ዘይት ካበላሸ፣ የሲጋራ ጭስም በራዲካል የተሞላ ከሆነ፣ የእህቴ ክኒን ልክ አይደለም ወይ? ሐሳቡ ያስኬዳል። ችግሩ ሰውነታችን ጠርሙስ አለመሆኑ ነው፤ ነጭ የደም ሴሎቻችን እንኳ ባክቴሪያ የሚገድሉት ራዲካል እየሠሩ ነው። ፊንላንድ ውስጥ 29,133 አጫሽ ወንዶች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ1994 እ.ኤ.አ. ወጣ። ቤታ ካሮቲን የዋጡት ላይ የሳንባ ካንሰር 18 በመቶ ያህል ጨምሮ ተገኘ። ቫይታሚን ኢም ከሳንባ ካንሰር አላዳነም።

ብልቃጡን አዞርኩና በትንንሹ የተጻፈውን አነበብኩ፤ መጀመሪያ ላይ ያለው ቤታ ካሮቲን ነው። ካሮትና ጎመን መብላት ይኼን አደጋ አያመጣም፤ ለአጫሽ ሰው በክኒን መልክ በብዛት መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው። በቤታችሁ የሚያጨስ ሰው ካለ እናንተም ብልቃጡን አዙራችሁ አንብቡ፤ ካለበትም ሐኪም ሳትጠይቁ አትስጡ።

እህቴ መጀመሪያ ተቀይማ ነበር፤ በኋላ ክኒኑን ራሷ ወሰደችው። አባታችንም «እንኳን አልዋጥኩት» ብለው፣ ሲጋራቸውን ይዘው በረንዳ ወጡ። ተከትያቸው ወጣሁ።