የወንዞቹ አፍ በክረምት ክልክል ይሁን



ባለፈው ነሐሴ፣ በፍልሰታ ሰሞን፣ እዚሁ ሞጣ ምሳ ልበላ ገብቼ ዓሣ አዘዝሁ። የተቀመጥሁት ጓሮው በሚታይበት በኩል ስለነበር ዓሣውን የምታጸዳዋን ልጅ አያታለሁ። ሆዱን በቢላዋ ስትሰነጥቀው እንቁላሉ ዝርግፍ አለ፤ እፍኝ ይሞላል። ስደነግጥ አይታኝ ኖሮ «በዚህ ሰሞን የሚመጣው ሁሉ እንዲህ ነው፣ ጋሼ» አለችኝ። ምሳዬን ትቼ ወጣሁ ብል ውሸት ይሆናል፤ በላሁ። ነገሩ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሆዴ አልወጣም።

ያ ዓሣ ከባሕር ዳር በአዴት መንገድ የመጣ የጣና ነጭ ዓሣ ነው። ስለ ጣና ሲነሣ ሁላችንም የምንጮኸው ስለ እምቦጭ ነው። እምቦጩ በውኃው ላይ አረንጓዴ ምንጣፍ ሆኖ ይታያል፤ ከውኃው በታች የሚያልቀውን ግን ማን ያየዋል?

«ነጭ ዓሣ» ብለን በአንድ ስም የምንጠራው አንድ ዓይነት ዓሣ አይደለም። በ1990ዎቹ (ከአዋጁ በቀር ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ናገልከርከና ሲቢንግ የተባሉ የሆላንድ ተመራማሪዎች ለያይተው እንዳሳዩት፣ ጣና ውስጥ ላቤኦባርበስ የሚባለው ወገን 15 ዓይነት ዓሦች አሉት፤ አብዛኞቹም ከጣና ሌላ የትም አይገኙም። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ 40 ሜትር ያህል ቁልቁል ስለሚወረወር ከታች ያለ ዓሣ ወደ ላይ መውጣት አይችልም። የጣና ዓሣ ብቻውን ቀርቶ በዚያው ሐይቅ ውስጥ ወገን ወገን ሆኖ ተለያየ። ከሁሉ የሚያስገርመኝ ደግሞ ይህ ነው፤ ዝርያው በመንጋጋው ላይ ጥርስ የሌለው የካርፕ ቤተሰብ ሆኖ ሳለ፣ ከ15ቱ 8ቱ ሌላ ዓሣ እየያዙ ይበላሉ። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ የካርፕ ዘመዳሞች ጉባኤ የነበረበት ሌላው ሐይቅ የፊሊፒንሱ ላናኦ ነበር። የእሱ ጉባኤ በሃያኛው ክፍለ ዘመን አለቀ ማለት ይቻላል፤ የቀረው የእኛው ነው።

ይህን ዓሣ ለጥፋት የሚያጋልጠው የራሱ ጠባይ ነው። ክረምቱ ሲገባ ከእነዚህ ዓይነቶች ብዙዎቹ እንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ ገልዳና ወደ መገጭ ይሄዳሉ። ወንዙ ሞልቶ መንገድ እስኪሰጣቸው ድረስ አፉ ላይ ይከማቻሉ። ከዚያ ወደ ላይ ወጥተው ንጹሕ ውኃ በሚፈስበት ጠጠር ላይ ይጥላሉ። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ የወንዙን አፍ በመረብ የዘጋ ሰው የሚይዘው የዘንድሮውን ዓሣ ብቻ አይደለም፤ የሚቀጥሉትን ዓመታት ዓሣ ጭምር ነው።

ፊት ጣና ላይ ያጠምዱ የነበሩት የነገደ ወይጦ ሰዎችና ሌሎችም በደንገል ታንኳ፣ በዳር በዳሩ ነበር። በ1986 ከሆላንድ ግብረ ሠናይ ድርጅቶች ጋር በተጀመረው ፕሮጀክት የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ገባ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ድኻው አጥማጅ ገበያ እንዲያገኝ ነው። ነገር ግን መረቡ እየረዘመ ወደ ወንዞቹ አፍ ተጠጋ። በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2000 ገደማ የተደረጉት ቆጠራዎች ሲነጻጸሩ የነጭ ዓሣው ብዛት በሦስት አራተኛ ወርዶ ተገኘ፤ ከሁሉ የባሰባቸውም እነዚያ ወደ ወንዝ የሚወጡት ናቸው። ከዚያ ወዲህ ደግሞ የአሸዋ ቁፋሮው፣ የመስኖ ፓምፑና የርብ ግድብ ተጨመሩ።

አጥማጁን ልክሰስ ብዬ ብዕር አላነሣሁም። የመክሰስ መብትም የለኝም። ተወልጄ ያደግሁት ቢቸና ነው፤ ልጅ ሳለን ወደ ሱሃ ወርደን የብርብራ ዛፍ ፍሬ ወቅጠን በረጋው ውኃ ላይ እንበትን ነበር። ዓሣው ትልቁም ትንሹም ሰክሮ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ይንሳፈፋል። የምንወስደው ትልልቁን ነው፤ ጣት የሚያካክለው እዚያው ይቀራል። ማንም አልገሠጸንም፤ እኛም ጀብዱ አድርገን እናወራው ነበር። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

ባሕር ዳር ሄጄ ሐይቁ ዳር ዓሣ ከሚያራግፉት አንዱን አነጋግሬው ነበር። «ጋሼ፣ መሀል ሐይቅ ብገባ ያገኘሁትን ነዳጁ ይበላዋል። ወንዙ አፍ ላይ ግን በአንድ ሌሊት መረቡ ይሞላል። እኔ ብተወው ጎረቤቴ ይይዘዋል» አለኝ። ይህን የሚለው ሰው ስግብግብ ሆኖ አይደለም። ብቻውን የሚያደርገው መታቀብ ዓሣውን እንደማያድን፣ ልጆቹን ግን እንደሚያስርብ ያውቃል። ሕግማ አለ፤ የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ዘመን አለፈው፤ ክልሉም የራሱን አውጥቷል። አዋጅ ብቻውን ግን ሌሊት መረብ የሚጥለውን ሰው ራት አያበላም።

ከእኛ ርቆ በሜክሲኮ የካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ ምን እንደ ሆነ አንባቢ ቢያውቀው እወዳለሁ። እዚያ ቫኪታ የምትባል፣ ከሰው ቁመት የማትበልጥ፣ ልጇን የምታጠባ የዶልፊን ዘመድ አለች። ስሟ በስፓኝኛ «ትንሿ ላም» ማለት ነው። ማንም እሷን አያጠምዳትም። አጥማጆቹ የሚፈልጉት ቶቶአባ የሚባለውን ትልቅ ዓሣ ነው፤ የአየር ከረጢቱ ቻይና ውስጥ በብዙ ገንዘብ ይሸጣል። ለእሱ በተዘረጋው መረብ እሷ ተጠልፋ ለመተንፈስ ወደ ላይ መውጣት አቅቷት ትሞታለች። በ1997 ከ500 በላይ ነበሩ፤ ዛሬ የቀሩት አሥር ገደማ ናቸው። መንግሥት በ2015 መረቡን ለሁለት ዓመት ከልክሎ ካሣ ከፈለ፣ በ2017 ለዘለቄታው ከለከለ። በዚያው ዓመት በሰው እጅ ሊጠብቋቸው አስበው ሲይዙ አንዲት አዋቂ እንስት ሞተችባቸው፤ ሥራውም ቆመ። በባሕሩ ላይ በአጥማጆችና በጠባቂዎች መካከል ጠብ ተነሣ፣ ሰውም ሞተ።

ክልከላው ለምን አልሠራም? ካሣው በአብዛኛው የሄደው ፈቃድ በስማቸው ለተጻፈ ሰዎች ስለ ነበር ነው። መረቡን በእጁ የሚጎትተው የቀን ሠራተኛ ምንም ያልደረሰው ሆነና ሌሊት ወደ ባሕሩ ተመለሰ። እኛም በጣና ላይ ይህንኑ ልንደግመው እንችላለን። ነገ ለክረምቱ ድጎማ ይሰጥ ቢባል ዝርዝሩ ውስጥ የሚገባው ባለ ጀልባውና የማኅበሩ አባል ነው። በደንገል ታንኳ የሚወጣው ሰው ስሙ በየትኛው መዝገብ አለ? እኔ የምለው ከእሱ ይጀመር ነው።

ደግሞስ ክልከላ ለእኛ ባዕድ ነገር ነው እንዴ? በየቀበሌያችን ሣሩ በክረምት ይከለከል የለም? ከብቱን ያስገባ ይቀጣል፤ ዳኛው የሀገር ሽማግሌ ነው፤ ሣሩ ሲደርስ ሁሉም ያጭዳል። የመንዝ ሰዎች ጓሳ የሚባለውን የሣር ምድራቸውን ከአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን ጀምረው እንዲህ ነው የጠበቁት፤ ለዓመታት ዘግተው፣ ሲበቃ ከፍተው። ቀይ ቀበሮ ዛሬም እዚያ አለ። የእኛው ጮቄ ላይ ግን፣ ከቢቸናም ከሞጣም ቀና ሲሉ በሚታየው ተራራ፣ እርሻው እየወጣ ሄዶ ቀይ ቀበሮው ጠፍቷል። በመላ ኢትዮጵያ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያንሳሉ። ጮቄን እያየሁ ማደጌ ነው ስለ ጉማራ እንድቸኩል ያደረገኝ።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህ ነው። የጉማራ፣ የርብ፣ የገልዳና የመገጭ አፍ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ክልክል ይሁን፤ ክልከላውን የሚጠብቁትም በአካባቢው የሚያጠምዱት ሰዎች ራሳቸው ይሁኑ፤ በእነዚያ ወራት የሚያጡት ይካካስላቸው። መሀል ሐይቁ ክፍት ይሁን፣ እንጀራ አይዘጋባቸው።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል የሚለኝ አይጠፋም። እኛ በላተኞቹስ? ዓሣ ለጾም ይሆናል አይሆንም የሚለውን ለሊቃውንቱ ልተወውና፣ ፍልሰታ ሲገባ የዓሣ ፈላጊው እንደሚበዛ ገበያው ያሳያል። ዓሣው እንቁላል ይዞ በወንዙ አፍ የሚቆመውም በዚያው ሰሞን ነው። እንቁላላሙን ነጭ ዓሣ በነሐሴ አላዝዝም የሚል ሰው በሞጣ፣ በቢቸና፣ በደብረ ማርቆስ ቢበዛ ለምግብ ቤቱ የሚያመጣው ነጋዴም አጥማጁን በዚያ ወንዝ አፍ ላይ አይገፋውም። በክረምት የማንገዛ ከሆነ ደግሞ በጥርና በየካቲት ስንገዛ ጥቂት ብር ጨምረን መክፈል አይከብደንም፤ ለክረምቱ ካሣ መነሻ የሚሆነው ያ ነው።

አዘጋጆች፣ ደብዳቤዬን ከሰኔ በፊት ብታወጡልኝ እወዳለሁ። ዓሣው ወደ ጉማራ አፍ የሚሰበሰበው ክረምቱ እንደ ገባ ነውና።

አንባቢያችሁ፣ ከሞጣ