አንድ ስም ለሁለት ነገር ሲሆን ስለሚያመጣው ጉዳት



ትእዛዝ በደንብ የሚፈጸመው ቃሉ ጠርቶ ሲታወቅ ነው። ቃሉ ሁለት ነገር የሚያመለክት እንደ ሆነ ግን አዛዡ አንዱን ሲያስብ ታዛዡ ሌላውን ይፈጽማል፤ ኪሳራውም በገበሬው ላይ ይወድቃል።

ቱና የሚለውን ቃል እንመልከት። በቆርቆሮ ታሽጎ የሚሸጠው ቱና የውቅያኖስ ዓሣ ነው፤ በእስጳንያ ቋንቋ ግን ቱና ማለት የቁልቋል ፍሬ ነው። የዓሣው ስም ከጽርእና ከሮማይስጥ ተነሥቶ በዐረብኛ በኩል ያለፈ ሲሆን፥ የፍሬው ስም ከካሪብያን ደሴቶች ነባር ሕዝብ የተገኘ ነው። በድምፅ ቢገናኙም በዘር አይዛመዱም። ስሙም ለጣና ቢቀርብ ቱና የጣና ዓሣ አይደለም፤ በሐይቃችን የሚጠመዱት ቆሮሶ፥ አምባዛና የመሳሰሉት ናቸው።

እንዲህ ያለው ነገር በእኛም ዘንድ አለ። በባሕር ዳር አጠገብ፥ የዩኒቨርሲቲው የእርሻ ኮሌጅ ባለበት በዘንዘልማ፥ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ሦስት ሰዎች «በለስ» የሚል ቃል ቢሰሙ፥ የትግራዩ ሰው እሾኻሙን የቁልቋል ፍሬ ያስባል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ተማሪ አዳምና ሔዋን ቅጠሉን ሰፍተው ያገለደሙትን ዛፍ ያስባል፤ የመተከሉ ሰው ደግሞ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ የጣና ውኃ በዋሻ እየወረደለት ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን ወንዝ ያስባል። ሦስቱም ልክ ናቸው። የአውሮጳ ሊቃውንትም ከሜክሲኮ የመጣውን ቁልቋል «የህንድ በለስ» ብለው ሰይመውታልና በዚህ ስሕተት ብቻችንን አይደለንም።

ጉዳቱ ግን በመሬት ላይ ይታያል። ነባሩ ቁልቋል ነጭ ወተት የሚያፈስ፥ ዓይንንና ቆዳን የሚጎዳ ነው። እሾኻሙ በለስ ግን እሾኹ በእሳት ከተለበለበ በኋላ ከገለባ ጋር ተደባልቆ በበጋ ለከብት መኖ ይሆናል። «ቁልቋል ለከብቶች ይሰጥ» ብሎ ብቻ የሚጽፍ ሹም ስለዚህ በመንጋው ላይ አደጋ ያመጣል። «በለስ ይተከል» ማለትም ቀላል ትእዛዝ አይደለም፤ እሾኻሙ በለስ ጠባቂ ሲያጣ የግጦሽ መሬትን ይወርራል። በትግራይም ለቀይ ቀለም ሲባል የገባው ነፍሳት ከቁጥጥር ወጥቶ ብዙውን የበለስ ተክል አጥፍቶበታልና፥ ችግኝ ከሥፍራ ወደ ሥፍራ ሲዘዋወር ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ስለዚህ በእኛ አሳብ በጽሑፍ የሚወጣ ትእዛዝ ሁሉ «እሾኻም በለስ»፥ «የበለስ ዛፍ»፥ «የበለስ ወንዝ» እያለ ለይቶ ይጻፍ። የአገሩ ሽማግሌዎችም ተክሉን በምን ስም እንደሚጠሩት አስቀድሞ ይጠየቁ። ትእዛዙ ከመነበቡ በፊት ቅርንጫፉ ወይም ፍሬው ለገበሬው ይታይ። ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፥ ከሥሩ የተለየ ስም የገበሬውን ድካም ከብክነት ያድናል።