የእሳት መድን ለጎርፍ አይሆንም



ክረምት በመጣ ቁጥር «የኔ ቤት ኢንሹራንስ አለው» ሲባል እንሰማለን። ደግ ነው። ግን የምን ኢንሹራንስ? በአገራችን ለቤት በብዛት የሚገባው ውል የእሳትና የመብረቅ ነው። ጎርፍና ዐውሎ ነፋስ አረቦን ተጨምሮባቸው በውሉ ላይ ካልተጻፉ ካሳ የለም። ለብድር ሲባል ባንክ ያስገባን መድንም ቢሆን አስቀድሞ የሚጠብቀው የባንኩን ገንዘብ ነው እንጂ የእኛን አልጋና ፍራሽ አይደለም።

በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ በድሬዳዋ ያደረሰውን ሁላችንም ሰምተናል። «እኛ ጋ ወንዝ የለም» ማለት አያዋጣም፤ በፌስታል የተደፈነ ቦይም ወንዝ ይሆናል። ደግሞ የኩባንያው ሰው መጥቶ የዛገ ቆርቆሮና ያልተጠረገ አሸንዳ ካየ «ይሄ የእርጅና ነው» ቢል፣ እውነቱን ለመናገር፣ አንፈርድበትም።

ስለዚህ ሰኔ ሳይገባ ሁሉም ውሉን አውጥቶ ይመልከት። ጎርፍ የሚል ከሌለበት ሄዶ ያስጨምር። ጉዳት ከደረሰም ፎቶ ሳይነሳ ጭቃው አይጠረግ፤ ለኩባንያውም ሳይውል ሳያድር ይነገር። ውሉ በእንግሊዝኛ ሆኖ የተቸገረ ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይዞ ይምጣ፤ የሚያነብልን ተማሪ አናጣም።