ከመገረዙ በፊት አጎቶቹን ጠይቁ

በዚህ ወር የጤና ዓምዳችን ብዙ ቤተሰብ ሳያውቀው የሚያልፈውን አንድ ጉዳይ ይዘን ቀርበናል።

ልጅ ተወልዶ ቤቱ በደስታ ይሞላል፤ ጊዜው ሲደርስም ይገረዛል። አብዛኛው ሕፃን ጥቂት ደም ፈስሶት ወዲያው ይቆምለታል። አልፎ አልፎ ግን ደሙ አልቆም የሚል ልጅ ያጋጥማል። ጨርቁ ቢቀየርም ቢታሰርም ሌሊቱን ሙሉ ሲንጠባጠብ ያድራል። ያን ጊዜ አንዱ ገራዡን ያማል፣ ሌላው ዐይን በላው ይላል። ሄሞፊሊያ የተባለው የደም አለመርጋት ሕመም ሊሆን እንደሚችል የሚጠረጥር ግን ጥቂት ነው። በሐይቅ እስጢፋኖስና በአምባሰል፣ እንደ መላው ወሎ ሁሉ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ወንድ ልጁን ስለሚገርዝ ነገሩ ሁሉንም ቤት ይመለከታል።

ሄሞፊሊያ ያለበት ሰው ደም እንዲረጋ ከሚያደርጉት ንጥረ ነገሮች አንዱ ያንሰዋል ወይም ጨርሶ የለውም። በብዛት የሚታየው ዓይነት በዓለም ላይ ከሚወለዱ 5,000 ወንዶች በአንዱ ላይ ገደማ ይከሰታል። ሕመሙ አዲስ አይደለም። የአንደሉሱ ታላቅ ሐኪም አቡል ቃሲም አዝ-ዘህራዊ ከ1,000 ዓመት ገደማ በፊት በጻፈው «አት-ተስሪፍ» በተሰኘው የሕክምና መጽሐፉ፣ በአንድ መንደር ያሉ ወንዶች ሲቆስሉ ደማቸው አልቆም ብሎ እንደሚሞቱ አስፍሯል።

ለመሆኑ ሕመሙ ለምን ወንዶቹን ለይቶ ያጠቃል? የሰው ልጅ 23 ጥንድ ክሮሞዞሞች አሉት። ከእነዚህ አንዱ ጥንድ ፆታን የሚወስን ነው። ሴት ሁለት ኤክስ ሲኖራት ወንድ አንድ ኤክስና አንድ ዋይ አለው። እናት ሁልጊዜ ኤክስ ትሰጣለች፤ ከአባት ኤክስ ሲመጣ ሴት፣ ዋይ ሲመጣ ወንድ ይወለዳል። እንግዲህ «ሴት ብቻ ወለድሽ» ተብላ የምትወቀሰው፣ ጣውንት የሚመጣባት እናት ያለ ጥፋቷ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ዘረ መል የሚገኘው በኤክስ ላይ ነው። ሴት አንዱ ኤክስ ጉድለት ቢኖረው ሌላው አብዛኛውን ጊዜ ይሸፍንላታል። ወንድ ግን ያለው ኤክስ አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ያገኘው ከእናቱ ነው። ጉድለቱን የተሸከመች እናት በምትወልደው በእያንዳንዱ ወንድ ልጅ ላይ ሕመሙ የመውረዱ ዕድል ከሁለት አንድ ነው። እያንዳንዷ ሴት ልጇም ተሸካሚ የመሆን ዕድሏ እንዲሁ ከሁለት አንድ ነው። ሕመምተኛ አባት ደግሞ ለወንድ ልጁ የሚሰጠው ዋይን ስለሆነ ሕመሙን አያወርሰውም፤ ሴት ልጆቹ ግን ሁሉም ተሸካሚዎች ይሆናሉ። በዚህ መንገድ የአያት ሕመም በሴት ልጁ በኩል ተደብቆ አልፎ በልጅ ልጁ ላይ ይወጣል። የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ራሷ ሳትታመም ልጇ ሊዮፖልድ ሕመምተኛ ነበር፤ በሴቶች ልጆቿ በኩልም ሕመሙ እስከ ሩሲያው አልጋ ወራሽ አሌክሲ ደርሷል።

እኛ ዘር ስንቆጥር በአባት በኩል እንወጣለን፤ የምንጠራውም በአባትና በአያት ስም ነው። ይህን ሕመም ለማግኘት ግን በእናት በኩል መቁጠር ያስፈልጋል። ስለዚህ ወንድ ልጅ ከመገረዙ በፊት እናቱን እንጠይቅ። ከወንድሞችሽ፣ ከአጎቶችሽ ወይም ከእህቶችሽ ወንዶች ልጆች መካከል ሲገረዝ ወይም ጥርሱ ሲነቀል ብዙ ደም የፈሰሰው፣ በልጅነቱ ደም ፈስሶት የሞተ አለ? መልሱ «አለ» ከሆነ ልጁ ሳይመረመር ምላጭ አይንካው። እንጥል ማስቆረጥና ግግ ማስወጣትማ ለማንም ልጅ የሚበጅ አይደለም፤ ለዚህ ልጅ ደግሞ ሞት ሊሆን ይችላል። ከሕመምተኞቹ ሲሶ የሚሆኑት በዘራቸው ሕመሙ ታይቶ የማያውቅ ስለሆኑም ምልክቶቹን ማወቅ ይጠቅማል። መዳህ ሲጀምር ሰውነቱ በቀላሉ የሚበልዝ፣ ነስሩ የማይቆም፣ ጉልበቱ ወይም ክርኑ በየጊዜው የሚያብጥ ልጅ ካለ ሐኪም ይየው። ያበጠውን መገጣጠሚያ ወጌሻ ሲያሸው ደሙ ይብሳል። አስፕሪንም አይሰጠው።

ከሐይቅ ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በደሴ ሆስፒታል ለሐኪሙ የቤተሰቡን ታሪክ በግልጽ መንገር የመጀመሪያው እርምጃ ነው። በአዲስ አበባም ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለሕመምተኞቹ ክትትል ያደርጋል። ሕመሙ ያለበት ልጅ የጎደለው ንጥረ ነገር አስቀድሞ ተሰጥቶት በሆስፒታል ሊገረዝ ይችላል። እስከዚያው ቢዘገይ ነውር የለበትም፤ ዑለሞችም ጉዳት ለሚያሰጋው ሰው ግርዛቱ እንዲዘገይ ይፈቅዳሉ።

በመጨረሻም ለአባቶችና ለአማቶች አንድ ቃል አለን። ሕመሙ በእናት በኩል መጣ ማለት እናት አጠፋች ማለት አይደለም። የምትሰጠውን ኤክስ መርጣ አልሰጠችም፤ መሸከሟንም አታውቅም። የምትወቀስ ከሆነ የወንድሟን ሞት ትደብቃለች፤ ከደበቀች ደግሞ የሚጎዳው ልጁ ነው። ሳትፈራ እንድትናገር አድርጓት። ሚያዝያ 9 በዓለም ዙሪያ የሄሞፊሊያ ቀን ሆኖ ይታሰባል፤ ያን ቀን ሳንጠብቅ ዛሬውኑ በየቤታችን እንነጋገርበት።