ስሙን ያዋሰ ወቅት

ጳጉሜን ተሰናብታ መስከረም ሲጠባ፣ ካሜራ ያለው ሁሉ ወደ እንጦጦ ዳገትና ወደ ሱሉልታ ሜዳ ይወጣል። እኔም እወጣለሁ። በሳምንት ስድስት ቀን ከባንክ መስኮት ኋላ ተቀምጦ የሰው ገንዘብ ለሚቆጥር ሰው፣ እሑድ ማለዳ ጤዛ ባልለቀቀው ሣር ላይ በደረቱ ተኝቶ አንዲት አደይ አበባን በሌንስ ማየት ምን ማለት እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል። ስለ አደይ አበባ ክፉ የምናገርበት አንደበት የለኝም። ጠቤ ከፎቶግራፉ ጋር ሳይሆን ከግርጌው ከሚጻፈው ቃል ጋር ነው። «ፀደይ ገባ» ይላል፣ ሁሉም።

መስከረም ፀደይ አይደለም። በአገራችን የዘመን አቆጣጠር ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው፤ መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፣ ፀደይ ደግሞ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25። እንግዲህ በእንቁጣጣሽ ልጃገረዶች ይዘውት የሚዞሩት፣ በደመራውም ላይ የሚታሰረው አደይ አበባ የሚፈካው ገና በክረምት ሒሳብ ውስጥ ሳለን ነው። ዘመነ ጽጌ ተብሎ ለአበባ የተለየው ወራት እንኳ የሚገባው ከመፀው ጋር መስከረም 26 ሲሆን የሚወጣው ኅዳር 5 ነው። ገበሬውም ይህን ጊዜ ጥቢ ሲለው እንጂ ፀደይ ሲለው አልሰማሁም።

ስሙ እንዴት እንደ ተሻገረ መገመት የሚያስቸግር አይመስለኝም። በአውሮፓ ክረምት ማለት በረዶ ነው፤ በረዶው ሲቀልጥ አበባ ይመጣል፤ የዚያ አበባ ወቅት በአማርኛ መጻሕፍት «ፀደይ» ተብሎ ተተረጎመ። የእኛ ክረምት ደግሞ ጭጋግና ጭቃ ነው፤ ጭጋጉ ሲገፈፍ አበባ ይመጣል። አንባቢው ሁለቱን አበቦች አመሳሰለና ስሙን ወደ መስከረም ጎተተው። የሚገርመው ትርጉሙ በራሱ ያን ያህል ያልተሳሳተ መሆኑ ነው። የአውሮፓውያኑ ፀደይ መጋቢትን፣ ሚያዝያንና ግንቦትን ይይዛል፤ ከእኛው ፀደይ ጋር አብዛኛውን መንገድ አብሮ ይሄዳል። የተሳሳተው ወደ መስከረም መጎተቱ ላይ ነው።

«ቋንቋ ይለወጣል፤ ምን አስጨነቀህ?» የሚሉኝ ወዳጆች አሉኝ። ልክ ናቸው፣ የቃላት ዘበኛ ሆኜ መኖር አያምረኝም። እኔን የሚያሳስበኝ መስከረም ሁለት ስም ማግኘቱ ሳይሆን፣ ከመጋቢት እስከ ሰኔ ያለው ጊዜ ስምም ፎቶግራፍም አልባ ሆኖ መቅረቱ ነው። በየቤቱ የተሰቀሉትን የቀን መቁጠሪያዎች ገልብጡ። የመስከረም ገጽ ቢጫ ነው። የሚያዝያ ገጽ ላይ ምን አለ? የፋሲካ ዶሮ፣ አለዚያ የላሊበላ ሕንፃ። አዲስ አበባ ላይ ጃካራንዳ ሐምራዊ አበባውን አስፋልት ላይ ሲያረግፍ አንዳንድ ሰው ቆም ብሎ ያነሳል፤ እርሱም ቢሆን ከደቡብ አሜሪካ የመጣ እንግዳ ዛፍ ነው።

እኔ ፀደይን ያየሁት በ2011 ዓ.ም. ወደ ጅማ ቅርንጫፍ ከተዛወርሁ በኋላ ነው። ቡና እንደሚያብብ ማን የማያውቅ አለ? ሲያብብ ያየ ግን ጥቂት ነው። የቡናው እምቡጥ በበጋው ደረቅ ወራት እንደ ተኛ ይቆያል፤ የበልግ ዝናብ ሲመታው ይነቃል፤ ከዚያ በዐሥር ቀን ገደማ ቅርንጫፉ ሁሉ በአንድ ጊዜ ነጭ ይሆናል። አበባው በቅጠሎቹ ብብት ተጠጋግቶ ስለሚወጣ ከሩቅ ሲያዩት ሰው ፈንዲሻ የበተነበት ይመስላል። ሽታው ከተቆላ ቡና ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ ጣፋጭ ነው፣ መንገድ ላይ ሆነው ይሰማዎታል። በሁለት ሦስት ቀን ግን ይጠወልጋል። እሑድን ብቻ ለሚጠብቅ የባንክ ሠራተኛ ይህ ጨካኝ ቀጠሮ ነው፤ ዝናቡ ረቡዕ ቢጥል አበባው ቅዳሜ ይፈካ ይሆናል፣ ሰኞም ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ ነጭ አበባ ለጀማሪ አይመችም። በቀትር ፀሐይ ካነሱት ነጩ ተቃጥሎ ቅጠሉ ይጠቁራል፤ ስለዚህ በማለዳ፣ በጥላ ዛፎቹ ሥር፣ ብርሃኑ ገና ለስላሳ ሳለ መድረስ ያስፈልጋል።

ያነሳሁትን አሳጥቤ ጠረጴዛዬ ላይ አኖርሁት። ደንበኞች «አቤት ሲያምር!» ይሉኛል። አንድ ቀን ገንዘብ ሊያወጡ የመጡ አንድ አዛውንት የቡና ገበሬ ግን ፎቶግራፉን አንስተው ወደ ዐይናቸው አቀረቡና፣ «ልጄ፣ ይኼ መቼ የተነሳ ነው?» አሉኝ።

«መጋቢት መጨረሻ ላይ ነው፣ አባባ።»

«ከዚያ ወዲህስ ዝናቡ ተከተለው? ወይስ ቀረ?»

ስለ ውበቱ አንድ ቃል አልተናገሩም። እርሳቸው ያዩት አበባ ሳይሆን፣ ሰባት ስምንት ወር ቆይቶ ቀይ የሚሆን ፍሬ ነው፤ የልጅ የትምህርት ቤት ወጪና የብድር መክፈያ ነው። እኔ ጸጥ ያለ ማለዳ አንስቻለሁ ባልሁበት ወረቀት ላይ እርሳቸው የዓመቱን ሒሳብ አነበቡ። ቀኑን ከጀርባው እንድጽፍበትም አዘዙኝ። ከዚያ ወዲህ ቀን ያልጻፍሁበት ፎቶግራፍ የለኝም።

ፀደይ ለጌጥ የመጣ ወቅት አይደለም። በወሎና በሰሜን ሸዋ ደጋዎች በበልግ ዝናብ ብቻ የሚያርሱ ቀበሌዎች አሉ። በቦረና የዓመቱ ዋናው ዝናብ የሚጥለው በዚሁ ወቅት ነው፤ ከ2013 ዓ.ም. መግቢያ እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈው ከብቱ ሲያልቅ፣ እኛ ከተማ ያለነው ዜናውን የሰማነው ሬሳው በሜዳ ከተዘረጋ በኋላ ነው። ያልመጣ ዝናብ ፎቶግራፍ የለውምና። መስከረም አበባ ሳያበቅል ቢቀር በማግሥቱ አገር በሙሉ ይጠይቃል፤ ስለ ሚያዝያ ማን ይጠይቃል? የመጣ ጊዜ ምን እንደሚመስል ያላየ ሰው መቅረቱን በምን ያውቃል?

በዚያ ሰሞን በገንዘብ ገቢ ማድረጊያ ቅጽ ጀርባ ላይ ስለ ፀደይ የጫርኋት ሁለት መስመር ይህች ናት፦

ስምህን ወሰዱት ለአደይ አበባ፣
ዝናብህን ሳያዩ ከመሬት ሲገባ።

ግጥሟ ገና ትቀጥላለች፤ ሁለተኛው ቤት አልገጥም ብሎኛል።

ካሜራ ላላችሁ አንባብያን ግን አንድ ነገር ልለምን። ከመጋቢት መጨረሻ ጀምሮ ባላችሁበት የሚታየውን አንሡ። አበባ ካጣችሁ የመጀመሪያው ዝናብ አቧራው ላይ የሚተወውን ጠባሳ፣ የበልግ ገብስ ቡቃያውን፣ ደመና የሚጠብቅ እርሻን አንሡ። የኋላውን አታደብዝዙት፤ ማሳውም፣ አጥሩም፣ ሰውየውም ይታዩ። ከጀርባው ቦታውንና ቀኑን ጻፉበት።