«ትልቅ ስክሪን አለው» አትበሉኝ፤ ከመኪና ሲወርድ ያውቃል ወይ?

መኪና የገዛችሁ ወዳጆቼም፣ ሥራ ይዛችሁ ገጠር የምትወጡ የድሮ ተማሪዎቼም «የትኛው ጂፒኤስ ይሻላል?» ትሉኛላችሁ። የምትልኩልኝ ፎቶ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፤ ሰፊ ስክሪን፣ የሚያብረቀርቅ ቀለም፣ ከሥሩ ዋጋ። እኔ ሁለት ጥያቄ ብቻ አለኝ። የኬክሮስና የኬንትሮስ ቁጥር ስትሰጡት ይቀበላል? መንገዱ ሲያልቅስ አብሯችሁ ይወርዳል? ሁለቱንም ካልቻለ ለአዲስ አበባ ቀለበት መንገድ ይሁናችሁ፤ ለቢቸናና ለሞጣ አይሆንም።

ይህን ነገር በደንብ የፈተኑት ጂኦካሺንግ ተጫዋቾች ናቸው። አንዱ ትንሽ ዕቃ ይደብቅና የቦታውን ቁጥር ያወጣል፤ ሌላው በጂፒኤስ ፈልጎ አግኝቶ ውስጡ ባለው ደብተር ይፈርማል። በሚያዝያ 1992 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪል ተጠቃሚ ሆን ብሎ የሚያዛባውን የጂፒኤስ ምልክት ማዛባት አቆመ። እስከ 100 ሜትር ይደርስ የነበረው ስህተት ወደ 20 ሜትር ገደማ ወረደ። በማግስቱ ዴቭ ኡልመር የሚባል ሰው ኦሬጎን ውስጥ የመጀመሪያውን ዕቃ ደበቀ። «የሥራ ፈት ድብብቆሽ» ብላችሁ ትስቁ ይሆናል። ሳቁ! ግን ጨዋታው የሚጠይቀው ልክ እኛ የምንፈልገውን ነው፤ በመኪና እስከሚቻለው ሄዶ፣ የቀረውን በእግር ጨርሶ፣ አንዲት ነጥብ ላይ መድረስ።

ተራው የመኪና ጂፒኤስ የተሠራው ለአስፋልት ነው። ካርታው ላይ መንገድ ከሌለ ግራ ይገባዋል፤ ቅርብ ነው ወዳለው መንገድ እየጎተተ ይወስዳችኋል። ከደጀን በቢቸና፣ በደብረ ወርቅ አድርጎ ሞጣ ለመግባትማ ማን ጂፒኤስ ይፈልጋል? ችግሩ የሚጀምረው ከዋናው መንገድ ስትወጡ ነው። ሰባራ ድልድይን ውሰዱ። በአፄ ፋሲል ዘመን የተሠራ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ የተሰበረ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ተጠግኖ በ2005 ጎርፍ የወሰደው፣ ኋላ ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ የተሠራለት ነው። ከሞጣ በኩል የሚሄድ ሰው መኪናውን አቁሞ ወደ አባይ በእግሩ መውረዱ አይቀርም። «ወደ ቀኝ ታጠፍ» የሚል ድምፅ እዚያ ምን ይሠራል?

ነገሩ የጉብኝት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ገጠር ውስጥ የመንገድ ስም የለ፣ የቤት ቁጥር የለ። ለምጥ የተጠራ አምቡላንስ «ከትልቁ ዋርካ አለፍ ብሎ» በሚል ምልክት ሌሊት ሲንከራተት ደቂቃው የሰው ነፍስ ነው። የእኛ አድራሻ ቁጥሩ ነው።

«ስልክ አለኝ እኮ» ለሚለኝ፦ ጥሩ! ግን ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ የስንቱ ስልክ ካርታ ባዶ ሆነ? ጂፒኤስ ራሱ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ምልክቱ ከሳተላይት ነው የሚመጣው። ኢንተርኔት የሚፈልገው ካርታው ነው። ስለዚህ ኦስምአንድ ወይም ኦርጋኒክ ማፕስ ጭናችሁ የኢትዮጵያን ካርታ አስቀድማችሁ አውርዱ። እንዲህ የተዘጋጀ ተራ ስልክ፣ ያለ ኢንተርኔት ከማይሠራው ውድ የዳሽቦርድ ስክሪን ይበልጣል።

ራሱን የቻለ መሣሪያ ካላችሁ ደግሞ ሁለቱን ሥራ አጣምሮ የሚሠራ አለ። የጋርሚን ኑቪ 500 ለመኪናም ለጂኦካሺንግም ተብሎ የወጣ፣ ውኃ የማያስገባ ነበር፤ አሁን አሮጌ ነው። ሞንታና የሚባለው የመኪና ማቀፊያው ላይ ሲሰካ መንገድ ይመራል፣ ሲነቀል በእጅ ይያዛል፤ ከኦፕንስትሪትማፕ የተሠራ ነፃ ካርታም ይቀበላል። ኪሳችሁ ካልቻለ ኢትሬክስ ይበቃል። ስክሪኑ ትንሽ ነው፣ አያወራም፤ ግን በሁለት ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ ቀኑን ሙሉ ይሠራል። ድንጋዩ ደግሞ ከሱቅ ይገዛል።

የገዛችሁትን ማወቅም የእናንተ ፋንታ ነው። ቢቸና በዲግሪ 10.45 ሰሜን ገደማ ናት፤ ይህ ማለት 10 ዲግሪ ከ27 ደቂቃ ነው። 10 ዲግሪ ከ45 ደቂቃ ብላችሁ ካስገባችሁት ግን ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሰሜን፣ ከደብረ ወርቅ ማዶ ይጥላችኋል። በድሮው የመንግሥት ካርታ የምትሠሩም አዲንዳን የሚለውን ልኬት ከመሣሪያው ጋር አስማሙ፤ አለዚያ ከ100 ሜትር በላይ ትስታላችሁ። ገደል ባለበት አገር 100 ሜትር ቀላል ነው እንዴ?

በቃ፣ ሱቅ ስትገቡ ሻጩን ስለ ስክሪኑ አትጠይቁት። «10 ዲግሪ 27 ደቂቃ ሰሜን፣ 38 ዲግሪ 12 ደቂቃ ምሥራቅ አስገባልኝ፤ ኢንተርኔቱንም ዝጋው» በሉት። ቢቸናን ካላሳያችሁ ብራችሁን ይዛችሁ ውጡ።