«ልከናል» ማለት «ደርሷል» ማለት አይደለም

በዚህች አገር ዛሬ ብዙ ነገር የሚነገረን በስልክ አጭር መልእክት ነው። የኩፓት ሆሊም ቶር፣ ከደም ምርመራ በፊት ሳይበሉ መቆየት እንደሚያስፈልግ፣ ለሆስፒታል የሚጠየቀው ቶፌስ 17 መፈቀዱ፣ የቢቱዋህ ለኡሚን የግል ገጽ መክፈቻ ኮድ፣ የነገው የሥራ ፈረቃ፣ ሁሉም በኤስኤምኤስ ይመጣል። ስለዚህ መልእክቱ ሳይደርስ ሲቀር የሚጠፋው ጽሑፍ ብቻ አይደለም። ቶር ያልፋል፣ አበል ይዘገያል፣ የቀን ሥራ ለሌላ ሰው ይሰጣል።

እኛ በፔታህ ቲቅቫ በማኅበረሰብ ጤና የምንሠራ ነርሶች ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ክርክር እንሰማለን። እናታችን «አልደረሰኝም» ይላሉ። ፀሐፊዋ ኮምፒውተሯን አይታ «ልከንልዎታል» ትላለች። በእኛ አስተያየት ብዙ ጊዜ ሁለቱም እውነት ይናገራሉ፤ መልእክቱ ተልኳል፣ ግን አልደረሰም። የሚያሳዝነው ጉዳቱ በአንድ ወገን ብቻ መውደቁ ነው። በፋይሉ ላይ «አልመጡም» ተብሎ ይጻፋል፤ የዓይን ወይም የልብ ሐኪም አዲስ ቶር ደግሞ ወራት ሊርቅ ይችላል። ስኳር ላለበት ሰው የዓይን ምርመራ ለወራት መዘግየት ቀላል ነገር አይደለም።

ነገሩን ለመረዳት ኤስኤምኤስ እንዴት እንደሚጓዝ ማወቅ ይጠቅማል። የመጀመሪያው አጭር መልእክት የተላከው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 3 ቀን 1992 በእንግሊዝ አገር ነው፤ አሠራሩ ከዚያ ወዲህ ብዙም አልተለወጠም። መልእክቱ ከላኪው በቀጥታ ወደ እጃችን አይመጣም። መጀመሪያ ወደ ስልክ ኩባንያው ማዕከል ይገባል፤ ማዕከሉ የእኛን ስልክ ይፈልጋል፣ ካላገኘውም እየደጋገመ ይሞክራል። ስልኩ ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ከቆየ መልእክቱ ጊዜው አልፎ ይጣላል። ይህ ሁሉ ሲሆን በላኪው ኮምፒውተር ላይ «ተልኳል» የሚለው ቃል እንደነበረ ሊቆይ ይችላል። ወላጆቻችን በጎንደርም ሆነ በትግራይ መልእክተኛ ሲልኩ፣ የተላከው ሰው ተመልሶ «ነግሬያቸዋለሁ፣ እንዲህም ብለዋል» እስኪል ድረስ መልእክቱ ደረሰ አይሉም ነበር። ዛሬ ያጣነው ይህን ነው።

ይሁንና ለተቋማቱ ከመናገራችን በፊት በእጃችን ያለውን እንመርምር። አብዛኛው ገንዘብ የማያስወጣ፣ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ በአሥር ደቂቃ የሚጨርሰው ሥራ ነው።

አንደኛ፣ ዋትስአፕንና ኤስኤምኤስን እንለይ። ብዙ ወላጆች «ስልኬ ደህና ነው፣ ከልጆቼ መልእክት ይመጣልኛል» ይላሉ። የሚመጣው ግን በዋትስአፕ ነው። ዋትስአፕ የሚሠራው በኢንተርኔት ነው፤ ቤት ውስጥ ዋይፋይ ካለ የስልክ መስመሩ ቢቋረጥ እንኳ መሥራቱን ሊቀጥል ይችላል። ኤስኤምኤስ ግን ሕያው የስልክ መስመር ይፈልጋል። ሒሳቡ ያለቀበት ወይም ክፍያው የተቋረጠ ሲም ካርድ በዋትስአፕ እያስቀና ከኩፓት ሆሊም ምንም ላይቀበል ይችላል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ዋይፋዩን ያጥፉና ከሌላ ስልክ ተራ ጥሪ ያስደውሉ፣ ቀጥሎም ተራ ኤስኤምኤስ ያስልኩ። ሁለቱም ከመጡ መስመሩ ደህና ነው።

ሁለተኛ፣ ስልኩን ሙሉ በሙሉ አጥፍተው ያብሩት። የአውሮፕላን ምልክት በላይኛው ጥግ እንዳለ ይመልከቱ፤ ካለ ስልኩ ከመረቡ ተለያይቷል። «አትረብሹኝ» የሚለው፣ የጨረቃ ምልክት ያለው፣ በርቶ ከሆነ ደግሞ መልእክቱ ይገባል፣ ድምፁ ግን አይሰማም። የስልኩ ማስቀመጫ በፎቶና በቪዲዮ ሞልቶ ከሆነም አዲስ መልእክት የሚገባበት ቦታ ሊያጣ ይችላል። ከየሠርጉና ከየሲግዱ የተላኩትን ቪዲዮዎች ወደ ልጆች ኮምፒውተር ማዛወር መልካም ነው።

ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚረሳው ማጣሪያው ነው። የማስታወቂያና የምርጫ መልእክት ሲበዛ ልጆች ለወላጆቻቸው አዝነው የማይታወቁ ላኪዎችን የሚለየውን ማጣሪያ ያበራሉ። በአይፎን ይህ ማጣሪያ በመልእክቶች ማስተካከያ ውስጥ ይገኛል፤ ሲበራ ስማቸው በስልክ ማውጫ የሌለ ላኪዎች ያለ ድምፅ ወደ ሌላ ዝርዝር ይገባሉ። በአንድሮይድ ስልኮች ደግሞ በመልእክት መተግበሪያው ውስጥ «ስፓምና የታገዱ» የሚባል ክፍል አለ። የኩፓት ሆሊም መልእክት የሚመጣው ማውጫችን ውስጥ ከሌለ ቁጥር ወይም ከስም ብቻ ስለሆነ፣ ስልኩ እንደ እንግዳ ሊቆጥረው ይችላል። ጠፋ የተባለ መልእክት ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው። ማስታወቂያ ለመቀነስ ሕጋዊ መንገድ አለ፤ ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ሕግ፣ ማስታወቂያ የሚልክ ድርጅት ተቀባዩ «ሀሴር» ብሎ የሚወጣበትን መንገድ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ስለዚህ ከሚታወቀው ሱቅ በ«ሀሴር» ይሰናበቱ እንጂ በሩን በሙሉ አይዝጉ።

አራተኛ፣ ስልክ ወይም ኩባንያ ሲቀየር እንጠንቀቅ። ከ2007 መጨረሻ ጀምሮ በእስራኤል ቁጥርን ይዞ ወደ ሌላ ኩባንያ መሄድ ይቻላል፤ ነገር ግን ዝውውሩ እስኪጠናቀቅ ጥሪና መልእክት ሊደናገር ይችላል። ከአይፎን ወደ ሌላ ዓይነት ስልክ የተዛወረ ሰው ደግሞ የአይፎኑን አይሜሴጅ ካላጠፋ፣ አይፎን ያላቸው ልጆች የሚልኩት ወደ አሮጌው ስልክ ሊሄድ ይችላል። በጣም ያረጀ ስልክ የያዙም ኩባንያቸውን ይጠይቁ፤ የመገናኛ ሚኒስቴር የ2ኛና የ3ኛ ትውልድ መረቦች እንዲዘጉ ስለወሰነ አንዳንድ ቀፎዎች ከመረቡ ይወጣሉ። ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ኢትዮጵያ የሚሄዱም ሲሙን አውጥተው የዚያን አገር ሲም ሲያስገቡ፣ በእነዚያ ሳምንታት የሚላክላቸው የእስራኤል መልእክት ሊጠፋ እንደሚችል ይወቁ። ከመሄድዎ በፊት ለክሊኒኩ ይንገሩ።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልተፈታ ወደ ስልክ ኩባንያው ይደውሉ። ከሐምሌ 2019 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ድንጋጌ የመገናኛ ኩባንያዎች ብልሽት ለማመልከት ለደወለ ደንበኛ በ6 ደቂቃ ውስጥ ሰው እንዲያገናኙ ያዝዛል። «ብልሽት» የሚለውን ይምረጡ፣ የደወሉበትን ቀንና ሰዓት ይጻፉ።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ቀፎው ነው። በእኛ ዓይን ግን ትልቁ ችግር ያለው በፋይሉ ውስጥ ነው፤ በፋይሉ ላይ የተጻፈው ቁጥር የማን ነው? ወላጆቻችን ወደዚህ አገር ሲመጡ ወረቀቱን የሞሉላቸው ልጆች ናቸው። ያኔ ዕብራይስጥ የሚያነበው ልጅ የራሱን ቁጥር ጻፈ። ያ ልጅ ዛሬ አግብቶ ሌላ ከተማ ይኖራል፣ ቁጥሩንም ቀይሮ ይሆናል። መልእክቱ እስከ ዛሬ ወደዚያ ቁጥር ይሄዳል። አንዳንዱ ፋይል ላይ ያለው የቤት ስልክ ነው፤ የቤት ስልክ ደግሞ ጽሑፍ አያሳይም።

ከዚህ ላይ የክብርም ጉዳይ አለ። ለሴቶች የጡት ምርመራ፣ ለሁሉም የአንጀት ካንሰር ምርመራ፣ የማሕፀን ወይም የፕሮስቴት ሐኪም ቶር የሰውየው የራሱ ምስጢር ነው። አንድ አባት ስለ ፕሮስቴቱ መጀመሪያ ልጁ እንዲያነብ ይፈልጋል ወይ? ማንም አልጠየቀውም። ልጆች የሚረዱት በፍቅር ነው፣ እናመሰግናቸዋለን። ቢሆንም በፋይሉ ላይ መጀመሪያ መጻፍ ያለበት የእናት ወይም የአባት የራሳቸው ቁጥር ነው፤ የልጅ ቁጥር እነሱ ሲፈቅዱ ሁለተኛ ሆኖ ይጨመር። በኩፓት ሆሊም ብቻ ሳይሆን በቢቱዋህ ለኡሚ፣ በባንክ፣ በሆስፒታልና በሥራ ቦታም እንዲሁ። አንዱ ጋ መለወጥ ሌላው ጋ አይለውጥም፤ የኩፓት ሆሊሙ ፋይልና የቤይሊንሰን ሆስፒታል ፋይል የተለያዩ ናቸው።

ቁጥሩ ሲስተካከል አንድ አደራ አለን። በመልእክት የመጣን ኮድ ደውሎ ለሚጠይቅ ለማንም አይስጡ፣ «ከባንክ ነኝ» ወይም «ከኩፓት ሆሊም ነኝ» ቢልም። ክፍያ የሚጠይቅ ሰማያዊ መስመር ያለበት መልእክት ከመጣም ሳይነኩት ለሚያምኑት ሰው ያሳዩ። ለጥርጣሬ የብሔራዊው የሳይበር ባለሥልጣን ስልክ 119 ነው።

አሁን ወደ ተቋማቱ እንመለስ። እናቶቻችንና አባቶቻችን መካከል በልጅነታቸው ትምህርት ቤት ያልነበራቸው፣ በዕብራይስጥም በአማርኛም በትግርኛም ማንበብ የማይችሉ አሉ። ለእነሱ በትክክለኛው ስልክ፣ በትክክለኛው ሰዓት የደረሰ መልእክት እንኳ አልደረሰም። መልእክቱን በአማርኛ ፊደል መላክ ለሚያነቡት ጥሩ ነው፣ እንጠይቀውም። የዛሬ ስልኮች ፊደላችንን ያሳያሉ፤ በአንድ መልእክት ውስጥ 70 ፊደል ይገባል፣ ይህም ለዕብራይስጥ ከሚፈቀደው ጋር እኩል ነው። ለማያነቡት ግን መፍትሔው የሰው ድምፅ ነው። በእኛ ማኅበረሰብ የለቅሶ ወሬ በአንድ ምሽት ከፔታህ ቲቅቫ እስከ ቤርሳቤህ የሚዳረሰው በድምፅ ነው፤ አንዱ ለአንዱ ይደውላል፣ ያልሰማ መኖሩም ይጠየቃል።

የጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት አገልግሎታቸውን ለታካሚው ቋንቋና ባህል እንዲያመቻቹ አዝዟል። እኛ የምንለው ይህ መመሪያ በሐኪሙ ክፍል ውስጥ ብቻ እንዳይቀር ነው፤ ወደ ሐኪሙ የሚያደርሰው ጥሪም የአገልግሎቱ ክፍል ነው። ወጪው ይበዛል የሚሉ አሉ። ሆኖም ባዶ የቀረ የሐኪም ሰዓትም ወጪ ነው፤ ዘግይቶ የተገኘ በሽታ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። ለሁሉም ሰው ይደወል አላልንም። ኤስኤምኤስ እንደማይጠቅማቸው ለተናገሩ አዛውንቶች፣ ለቀዶ ሕክምናና ለከባድ ምርመራ፣ በአማርኛ ወይም በትግርኛ አንድ ጥሪ ይደረግ። «አልመጡም» ተብሎ ከመጻፉም በፊት «ሰምተዋል ወይ?» ተብሎ ይጠየቅ።

ወላጆቻችን፣ በሚቀጥለው ጊዜ ወደ ክሊኒክ ሲመጡ ለፀሐፊዋ ሦስት ነገር ይንገሩ። «በፋይሌ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቢልኝ።» «የእኔን ቁጥር መጀመሪያ ጻፊ።» «ማንበብ ስለማልችል ደውሉልኝ ብለሽ መዝግቢ።» ዕብራይስጡ ካስቸገረ ይህን ጋዜጣ ይዘው ይምጡና ከእኛ አንዷን ይጥሩ። ቶሩንም ቢሆን በወረቀት አስጽፈው ማቀዝቀዣው በር ላይ ይለጥፉት፤ ወረቀት ሲም ካርድ አይፈልግም።